ስታውት ቤት ውስጥ ለምትጠምቁ፦ ጠርሙሱን ከማሸጋችሁ በፊት

ግራ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው ሁሉ ምን ሆነህ ነው ይለኛል። የቢራ ጠርሙስ ነው። እቤቴ የጠመቅኩት ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ታሽጎ በተቀመጠበት ፈንድቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ስታውት ቤት ውስጥ የሚጠምቁ ብዙ ወዳጆች አፍርቻለሁ። አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ደብሊን ያሉ፣ ለንደን ያሉ፣ አሜሪካ ያሉ። የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ ያለፍኩበትን ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። የቢራውንም ታሪክ አብሬ አነሳለሁ፤ ከችግሩ ያወጣኝ ታሪኩን ማወቄ ነውና። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት ሳለሁ ጥቁር ቢራ ብዬ የማውቀው የሐረሩን ሐኪም ስታውት ብቻ ነበር። ደብሊን እንደመጣሁ የተከራየሁት ክፍል ሊበርቲስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከጊነስ ቢራ ፋብሪካ ብዙም አይርቅም። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የተቆላ ገብስ ይሸታል። እናቴ ለጠላ አሻሮ ስትቆላ እግሯ ሥር ያደግኩ ሰው ነኝ። ያ ሽታ ሆዴን አባባው። ቢራውን ስቀምሰው ግን እንደጠበቅኩት ጣፋጭ አልነበረም። ደረቅ ነው፣ መረር ይላል፣ መጨረሻው ላይ ቡና ቡና ይላል። ብርጭቆውን ወደ መስኮት ከፍ ስታደርጉት ጥቁር የመሰለው ነገር ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህንን እኔም መሥራት አለብኝ አልኩ።

ብዙ ሰው ስታውት አየርላንድ ውስጥ የተፈጠረ ይመስለዋል። ሥሩ ግን ለንደን ነው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ለንደን ውስጥ ፖርተር የሚባል ጠቆር ያለ ቢራ ተስፋፋ። በገበያውና በወንዙ ዳር ዕቃ የሚሸከሙ ሠራተኞች በብዛት ስለሚጠጡት ስሙ ከእነሱ መጣ። ጠንከር ያለው ዓይነት ስታውት ፖርተር ይባል ነበር፤ እየቆየ ስታውት ብቻ ተባለ። አርተር ጊነስ ደብሊን ሴንት ጄምስ ጌት የሚገኘውን ጠመቃ ቤት በ1759 መጨረሻ ላይ ሲከራይ ውሉ ለ9,000 ዓመት፣ ኪራዩ ደግሞ በዓመት 45 ፓውንድ ነበር። መጀመሪያ ይጠምቅ የነበረው ኤል የሚባለውን ሌላ የቢራ ዓይነት ነው። ወደ ፖርተር የገባው በ1770ዎቹ ሲሆን በ1799 ኤሉን ጨርሶ ተወው። ኮርክ ከተማ ውስጥም ቢሚሽ እና ክሮፎርድ በ1792፣ መርፊ በ1856 ተነሱ። የኮርክ ሰዎች ዛሬም የከተማቸውን ስታውት ያስቀድማሉ።

እኔ የጀመርኩት አብዛኞቻችሁ በምትጀምሩበት መንገድ ነው። ከአንድ የጠመቃ ዕቃ መሸጫ ኪት ገዛሁ። ባልዲ፣ ኤርሎክ (ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ መክደኛ)፣ የቆርኪ መግጠሚያ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ወፍራም የብቅል ጭማቂ፣ ትንሽ የእርሾ ከረጢት። መመሪያው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጭማቂውን በሙቅ ውሃ በጥብጡ፣ እርሾውን በትኑበት፣ ኤርሎኩ መተንፈስ ሲያቆም እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ጨምራችሁ አሽጉ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ ይላል። ስኳሩ ምን ያህል እንደቀረ የሚለካው ሃይድሮሜትር የሚባል ነገር ኪቱ ውስጥ የለም። ወረቀቱም ላይ አልተጠቀሰም።

ወሩ ጥር ነበር። ቀን ቀን ቤቱ ባዶ ስለሆነ ማሞቂያውን እናጠፋዋለን። ኩሽናው ይቀዘቅዛል። እርሾ ሲበርደው ይተኛል፤ ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል። ኤርሎኩ መተንፈስ አቆመ። በወረቀቱ መሠረት ቢራው ደርሷል። ባለቤቴና እኔ ጠርሙሶቹን አጥበን፣ ስኳሩን ጨምረን፣ ቆርኪ ገጠምን። ሞቅ ያለ ቦታ ሲባል ደግሞ የአይሪሽ ቤቶች ውስጥ ሆት ፕሬስ የሚሉት አለ፤ የሙቅ ውሃው በርሜል ያለበት፣ ፎጣና አንሶላ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ነው። እዚያ ደረደርናቸው። የተኛው እርሾ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነቃ።

አንድ ሌሊት የሆነ ነገር ጓ ሲል ሰማን፤ የጎረቤት በር መሰለን። ጠዋት ልጄ ፎጣዋን ከዚያው ቁም ሣጥን አውጥታ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ደቂቃ ሳይቆይ እኔ ደግሞ በሩን ከፈትኩ። ወለሉ ረጥቧል፣ ስብርባሪ አለ፣ አንሶላው ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለተኛው ፈነዳ። ክንዴ ከክርኔ በታች ተሰነጠቀ። ሆስፒታል ሄጄ ተሰፋሁ። ስፌቱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። ልጄ እዚያው ቦታ ላይ ቆማ ነበር፤ ጠርሙሶቹ በሷ ፊት ቁመት ልክ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው።

የሚቀጥለውን እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ከድንጋጤዋ ስትመለስ ወደ ሥራው ገባች። «ስንት ቀን ተቀመጠ? ድፍድፉ ምን ይመስል ነበር? አፉን በምን ከደንከው?» ስትለኝ በቆርኪ አሽጌ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ ጋን እኮ ይተነፍሳል፤ ጠርሙስ በምኑ ይተነፍሳል?» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠላ ሲጠነሰስ እርሾው ስኳሩን ይበላል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ በጋኑ አፍ ይወጣል። ጋኑ ላይ ጭቃ ቢመረግበት እንኳ የሆነ ቦታ ያፈተልካል። ስለዚህ ጠላ ጠማቂ ስኳሩ አልቋል ወይ ብላ መጨነቅ አያስፈልጋትም፤ በምላሷ ታውቀዋለች፣ ብትሳሳትም ማንም አይጎዳም። ጠርሙስና ቆርኪ ግን ሌላ ሕግ አላቸው። እኛ ከጠላና ከጠጅ ቤት የወጣን ሰዎች እጃችን ሥራውን ስለሚያውቅ ቢራ ሲጠመቅ አንፈራም። ይህ ጥሩ ነው። መጠንቀቅ ያለብን እዚች ላይ ነው፤ ታሽጎ የሚቀመጥ መጠጥ አስተዳደጋችን ውስጥ አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ ቀሪዎቹን ጠርሙሶች ምን እንዳደረግናቸው ልንገራችሁ፤ ይህን የሚያነብ ሰው አሁን ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ይጠቅመዋል። ልጆችን ከቤት አስወጡ። ማሞቂያውን አጥፉና መስኮት ክፈቱ፤ ቢራው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ጠርሙሶቹን ሳትነኩ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑና ሰዓታት ይቆዩ። ከዚያ ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጋችሁ፣ አንድ በአንድ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ቆርኪውን ቀስ አድርጋችሁ አላሉና አስተንፍሱት። ቢራው ያሳዝናል፤ ግን ይፍሰስ።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ጡረታ የወጣ ጎረቤት አለን። ወጣት ሳለ ጀምሮ ቤቱ ይጠምቅ ነበር። ክንዴ ታስሮ ሲያየኝ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ምንም ሳይል ወጥቶ አንድ ቀጭን የመስታወት ዕቃ ይዞ ወረደ። ሃይድሮሜትሩን ነው። «የመጨረሻውን ቁጥር ስንት አነበብክ?» አለኝ። ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ሃይድሮሜትር ከታች ከበድ ያለ፣ ከላይ ቀጭን አንገት ያለው ተንሳፋፊ መስታወት ነው። አንገቱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ 1.000 ያነባል። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ለስታውት ከመብላላቱ በፊት 1.042 አካባቢ ይሆናል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሲጨርስ 1.010 አካባቢ ይቆማል። የኤርሎክ አረፋ አይተካውም። አረፋ እርሾው ተኝቶም ይቆማል፣ የባልዲው ክዳን ሾልኮም ይቆማል።

ሒሳቡን ጎረቤቴ ወረቀት ላይ ሠራልኝ። ቁጥሩ በአንድ ነጥብ ሲወርድ፣ ማለትም ከ1.011 ወደ 1.010 ሲሄድ፣ አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ በግምት ግማሽ ሊትር ጋዝ ይፈጠራል። የእኔ ቢራ 1.018 ላይ ተኝቶ ከነበረና ጠርሙስ ውስጥ ወደ 1.010 ከወረደ፣ ያ 8 ነጥብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 4 ሊትር ጋዝ ማለት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የጨመርነው ስኳር የሚፈጥረው አለ። አንድ ላይ ወደ 6 ይጠጋል። ተራ የቢራ ጠርሙስ ከ3 ብዙም እንዲያልፍ ተደርጎ አልተሠራም። ይህን ስሰማ ሁለት ብቻ መፈንዳታቸው ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የሚገርመው የስታውት ታሪክ ራሱ ዞሮ ዞሮ ከዚችው መስታወት ጋር የተያያዘ ነው። የድሮው ፖርተር የሚጠመቀው ቡናማ ብቅል ከሚባለው፣ በእንጨት እሳት ከደረቀ ብቅል ነበር። በ1700ዎቹ መጨረሻ ጠማቂዎች በሃይድሮሜትር መለካት ሲጀምሩ አንድ ነገር ታያቸው። ቡናማው ብቅል ርካሽ ይመስላል እንጂ የሚሰጠው ስኳር ትንሽ ነው። ፈዛዛው ብቅል ውድ ቢሆንም ብዙ ስኳር ይወጣዋል። ስለዚህ ወደ ፈዛዛው ዞሩ። ቢራው ግን ፈዘዘባቸው። ጠጪው ጥቁሩን ለምዷል። አንዳንዱ በተቃጠለ ስኳር ማጥቆር ጀመረ፤ ሌላም ሌላም የሚጨምር ነበር። በ1817 ዳንኤል ዊለር የሚባል እንግሊዛዊ ብቅልን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ሳያሳርር የሚቆላበት ዘዴ አገኘና ፓተንት አወጣበት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቁር ብቅል አንድ ትልቅ ጠመቃ ማጥቆር ቻለ። የደብሊን ጠማቂዎችም ፈጥነው ተቀበሉት። ዛሬ የምናውቀው ስታውት የተወለደው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከ1759ኙ ውል ይልቅ ያ ከበሮ ለቢራው ይቀርበዋል።

ጥቁር ሆኖ የተቆላው ያልበቀለ ገብስ፣ ዛሬ የአየርላንድ ስታውት መለያ የሆነው፣ ከዚያም በኋላ ነው የመጣው። ግብሩ በብቅል ላይ ስለነበር ያልበቀለ እህል መጠቀም ክልክል ነበር። በ1880 የብቅል ግብር ተነሳ፤ መንገዱ ተከፈተ። ገብሱ ግን የጊነስ መለያ የሆነው 20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው።

ስለ ግፊትም ታሪኩ ዝም አላለም። ጥቅምት 17 ቀን 1814 ለንደን ውስጥ አንድ ጠመቃ ቤት ውስጥ የነበረ ግዙፍ የፖርተር ጋን የብረት ቀለበቱ ወልቆ ፈነዳ። ቢራው ግድግዳ ጥሶ በሴንት ጃይልስ ሰፈር ድሆች ቤት ላይ ፈሰሰ። 8 ሰው ሞተ። ሰፈሩ አይሪሽ ስደተኞች የሚኖሩበት ነበር፤ ከሞቱት ውስጥ ለአንድ ሕፃን ለቅሶ የተቀመጡ ይገኙበታል። ይህን ሳነብ የክንዴን ነገር ተውኩት።

ወደ ሁለተኛው ችግር ልለፍ። ሃይድሮሜትር ይዤ፣ ጊዜ ሰጥቼ፣ ከቆርቆሮው ወደ እህል ተሸጋግሬ መጥመቅ ጀመርኩ። ጠርሙስ መፈንዳት ቀረ። ጣዕሙ ግን አልሰምር አለኝ። ጫፉ ላይ ይቆመጥጣል፣ ምላስ ላይ አመድ የቀረ ይመስላል። እርሾ ቀየርኩ። ሆፕስ (እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመርረው) ቀነስኩ። ያው ነው። ብዙ ጠማቂ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። ጥፋቱ ውሃው ላይ ነበር።

የተቆላ ገብስ አሲድነት አለው። ውሃችሁ ካርቦኔት የበዛበት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ፣ ያ ካርቦኔት አሲዱን ያመዛዝነዋል፤ ስታውቱ ለስላሳ ይወጣል። እኛ ሰፈር የሚመጣው ውሃ ግን ከዊክሎው ተራሮች ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ማንቆርቆሪያው ለዓመት ቢፈላ ቅርፊት አይዝም። ለስላሳ ውሃ ውስጥ ያን ያህል ጥቁር ገብስ ሲዘፈዘፍ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከሚገባው በታች ይወርዳል። ቁምጥጥናውና አመዱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሚፈለገው ከ5.3 እስከ 5.5 ነው። የፒኤች ወረቀት ርካሽ ነው፤ ግዙት። ፋርማሲ ከሚሸጠው ሰፊ መለኪያ ይልቅ ለጠማቂዎች የተዘጋጀውን ጠባቡን ፈልጉ፣ ቀለሙን ለማንበብ ይቀላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ዝፍዝፉ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ነው። ከዚያ አታሳልፉ፤ ጨው ጨው ይላል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ጥቁሩን ገብስ መጀመሪያ ላይ አለመጨመር ነው። ፈዛዛው ብቅል ሥራውን ይጨርስ፤ ጥቁሩ የሚሰጠን ቀለምና ጣዕም ስለሆነ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ቢገባ ይበቃዋል። ይህን ያደረግኩ ቀን ባለቤቴ ቀምሳ ብርጭቆውን አልመለሰችልኝም።

አሁን የምሠራበት ልክ ይህ ነው፤ ለ20 ሊትር ነው። 3.2 ኪሎ ፈዛዛ ብቅል፣ 900 ግራም ተዳምጦ የሚሸጠው ያልበቀለ ገብስ፣ 450 ግራም ተቆልቶ የጠቆረ ገብስ። የተዳመጠው ገብስ ለቢራው ወፈር ያለ አካልና የሚቆይ አረፋ ይሰጠዋል፤ በሌላ አትተኩት። ሆፕስ 60 ግራም ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ፣ አልፋ አሲዱ (የሚያመርረው ነገር) 5 በመቶ አካባቢ የሆነ። እርሾ የአይሪሽ ኤል የሚባለው። ድስቱ 30 ሊትር የሚይዝ ይሁን።

13.5 ሊትር ውሃ 72 ወይም 73 ዲግሪ ላይ አድርሱና ብቅሉንና የተዳመጠውን ገብስ አስገቡ። ሲቀላቀል ወደ 66 ይወርዳል። ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው፤ ወደ 70 ከተጠጋ ቢራው ከባድና ጣፋጭ ይሆናል። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ 60 ደቂቃ ተዉት። 45ኛው ደቂቃ ላይ ጥቁሩን ገብስ አስገቡና አማስሉ። ያኔ ኩሽናው ውስጥ የሚነሳው ሽታ ለብቻው ያስደስታል። ከዚያ አጥልሉት፤ 76 ዲግሪ የደረሰ 14 ሊትር ያህል ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ የቀረውን ስኳር እጠቡት። የወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ 60 ደቂቃ አፍሉ። ሆፕሱ መፍላት እንደጀመረ ይገባል። ድስቱ አጠገብ ቁሙ፤ መጀመሪያ ሲፈላ አረፋው ገንፍሎ ምድጃውን ይሞላዋል።

ከፈላ በኋላ በፍጥነት ይቀዝቅዝ። እኛ ድስቱን በረዶ የሞላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። 20 ዲግሪ ሲደርስ ባልዲው ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ እያንፎለፎላችሁ ገልብጡት፤ እርሾው አየር ይፈልጋል። ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። እርሾውን በትኑ። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፤ ኩሽና ከቀዘቀዘ መኝታ ቤት ይሻላል። ከ10 ቀን በኋላ ለኩ። ሦስት ቀን ቆይታችሁ ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱ ንባቦች አንድ ከሆኑና 1.010 አካባቢ ከሆነ ደርሷል። ካልወረደና ከፍ ብሎ ከቆመ አታሽጉ፤ ክፍሉን አሙቁ፣ ባልዲውን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ፣ ጠብቁ። አልኮሉ 4.2 በመቶ አካባቢ ይመጣል።

ስኳሩን ጠርሙስ በጠርሙስ በማንኪያ አትጨምሩ። አንዱ ጋ ይበዛል፣ አንዱ ጋ ያንሳል። 90 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ ባዶ ንጹህ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ፣ ቢራውን ከአተላው ለይታችሁ በቱቦ ላዩ ላይ አፍስሱት፣ ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ ሙሉት። ኪሎ መለኪያ ተጠቀሙ። የውሃ ጠርሙስ ዓይነት ስስ መስታወትና ስንጥቅ ያለበት ጠርሙስ አይግባ።

ስለ ንጽህና ብዙ አልልም፣ ግን አንድ ነገር አለ። እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ ለጠላ ጢሱ ጣዕምም ነው። ስታውት ላይ ይህ አይሠራም። እዚህ ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት ሥራ ናቸው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ለጠማቂዎች በሚሸጠው፣ መታጠብ በማያስፈልገው መድኃኒት ይረጫል። የባልዲውን ቧንቧ ፈታችሁ እጠቡ፤ አብዛኛው ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። የተጫረ ፕላስቲክ ባልዲ ጣሉት።

ደብተር ያዙ። ይህን የምለው ጎሴትን አስቤ ነው። ዊልያም ሲሊ ጎሴት በ1899 ጊነስ የቀጠረው ወጣት ሳይንቲስት ነበር። ገብሱን፣ ሆፕሱን፣ ቢራውን ሲፈትሽ የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ከጥቂት ናሙና ተነስቶ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል? መልሱን አስልቶ በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ ስቱደንት በሚል የብዕር ስም ነው ያወጣው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የወሰደ ሁሉ የሚያውቀው ቲ-ቴስት የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ቤት ያለን ናሙና ከእሱም ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠመቃ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እርሾና ውሃ አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢራው ቢጣፍጥ የቱ እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ? እኔ እርሾና ሆፕስ ስቀያይር የባከነብኝ ጊዜ ያሳዝነኛል።

ከአዲስ ጠማቂዎች የሚመጣልኝ ትልቁ ቅሬታ አረፋው ነው። መጠጥ ቤት እንደሚቀዳው ክሬም የመሰለ አረፋ አልወጣኝም ይላሉ። ከዚያ ስኳር ይጨምራሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ያ አረፋ የሚመጣው ከናይትሮጅን ነው። ማይክል አሽ የሚባል የሒሳብ ሰው ጊነስ ውስጥ ሠርቶ በ1959 ያወጣው ዘዴ ነው። ናይትሮጅን ቢራ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ በግፊት ገብቶ ሲወጣ የሚፈጥራቸው አረፋዎች ደቃቃ ናቸው። በ1988 ደግሞ ጣሳ ውስጥ የምትገባዋ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ መጣች። በስኳርና በእርሾ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ምን ያህል ብታበዙት ያን አረፋ አይሰጥም። ጠርሙስ ግን ይሰብራል። በጠርሙስ የታሸገ የቤት ስታውት አረፋው ቀለም ያለው፣ ቡናማ፣ ሻካራ ነው። 

ሌላው ከእኛ ሰዎች የምሰማው ጥቁር ቢራ ደም ይተካል፣ ለአራስ ጥሩ ነው የሚለው ነው። ጊነስ ለጤናችሁ ጥሩ ነው የሚለው ማስታወቂያ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በ1929 ነው፤ ወሬው ከዚያ ወዲህ ሩቅ ሄደ። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ብረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነፍሰ ጡርም የምታጠባ እናትም ደም አነሰሽ ተብላ ቢራ አይሰጣት፤ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ሕጉን በተመለከተ፣ እዚህ አየርላንድ ለራስ መጠጥ መጥመቅ ይፈቀዳል፤ መሸጥ አይቻልም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ1978ቱ ሕግ ወዲህ በፌዴራል ደረጃ ለአንድ ጎልማሳ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን ተፈቅዷል። ባህረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖች ግን አትሞክሩት፤ በአብዛኞቹ ቅጣቱ ከባድ ነው።

የመጨረሻው ጎረቤቴ ያስተማረኝ ዘዴ ነው፤ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ጠርሙስ ስትሞሉ አንዷን የፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ አድርጉ። ከመስታወቶቹ ጋር አንድ ቦታ፣ ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ፣ ከልጆች ርቆ ይቀመጥ። በየሁለት ቀኑ ፕላስቲኳን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሏት። መጀመሪያ ትለሰልሳለች፣ ከዚያ ትጠነክራለች። ጣታችሁ ጨርሶ የማይሰምጥ ከሆነና ሥሯ ወደ ውጭ መነፋት ከጀመረ፣ መስታወቶቹም እንደዚያው ናቸው ማለት ነው፤ ፊታችሁንና እጃችሁን ሸፍናችሁ ሁሉንም አስተንፍሷቸው። ጠንክራ እዚያው ላይ ከቆመች፣ ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ክፈቱ። ለእንግዳ ወይም ለበዓል ለሰው ስትሰጡ የታሸገበትን ቀንና የመጨረሻውን ንባብ በወረቀት ለጥፉበት፤ መኪና ውስጥ እንዳይተዉትም ንገሯቸው።